የሪሞት አውሮፕላናችሁ ስንት ቁጥር ሞተር ይፈልጋል? በተለይ ደጋ ላይ ለምታበሩ

«40 ይበቃኛል ወይስ 60 ልግዛ?» ሞዴል አውሮፕላን የጀመረ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ቦታው መጀመሪያ ላይ አይደለም። መጀመሪያ ክንፉ ይለካል። ቀጥሎ ክብደቱ ይታወቃል። ከዚያ የምታበሩበት ሜዳ ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ እንደሚል ይታያል። እነዚህ ከተያዙ የሞተሩ ቁጥር ራሱ ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚዘለው የሜዳውን ከፍታ ነው። የአውሮፕላኑ ሣጥን ላይ «ከ40 እስከ 46» ተብሎ የሚጻፈው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ለሚያበር ሰው ታስቦ ነው። አዲስ አበባ ግን 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ያ ቁጥር እዚያ እንዳለ አይሠራም። ይህንን መመሪያ ስጽፍ ዋናው ሐሳቤ እሱ ነው። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁም ተከተሉኝ፤ ስሌቱ ያው ነው፣ የሚለይባችሁ አንድ ደረጃ ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

40፣ 46፣ 60 የሚባሉት የፈረስ ጉልበት አይደሉም። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ሲመላለስ የሚጠርገው ቦታ ነው፤ በኩቢክ ኢንች መቶኛ ይቆጠራል። 40 ቁጥር ማለት 0.40 ኩቢክ ኢንች ነው። አንድ ኩቢክ ኢንች 16.4 ሲሲ ገደማ ስለሆነ 40 ቁጥር 6.5 ሲሲ፣ 46 ቁጥር 7.5 ሲሲ፣ 60 ቁጥር 10 ሲሲ አካባቢ ይሆናል። እነዚህ በሜታኖል የሚሠሩት ትንንሽ ሞተሮች ናቸው። የቤንዚን ሞተሮች ግን በቀጥታ በሲሲ ነው የሚጠሩት። ስለዚህ «20» የተባለ የቤንዚን ሞተር ብታዩ ከ40 ያነሰ እንዳይመስላችሁ። 20 ሲሲ ነው፤ በሜታኖሉ አቆጣጠር 120 ቁጥር መሆኑ ነው።

ቁጥሩ አንድ ሆኖ ጉልበቱ ሊለያይም ይችላል። ዘንጉ በኩሽኔታ የሚሽከረከር 46 አለ፤ ኩሽኔታ የሌለው፣ በተራ ቡሽ ላይ የሚሽከረከር 46 አለ። ሁለተኛው ርካሽ ነው፣ አያያዙም ቀላል ነው፤ ጉልበቱ ግን በሩብ ያህል ሊያንስ ይችላል። ደጋ ላይ የምታበሩ ከሆነ ኩሽኔታ ያለውን ግዙ።

ደረጃ 1፦ ክንፉን ለኩ

ሜትር ያዙና ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። ከዚያ ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ያለውን ስፋት ለኩ። ክንፉ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ መሐሉንና ጫፉን ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ሁለቱን አባዙ።

አንድ የተለመደ መለማመጃ አውሮፕላን እንውሰድ። ክንፉ 160 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ 28 ሳንቲሜትር ስፋት አለው። ሲባዛ 4,480 ካሬ ሳንቲሜትር ይመጣል። በ100 ስታካፍሉት 44.8 ካሬ ዴሲሜትር ነው። ይህንን ቁጥር ጻፉት።

ደረጃ 2፦ ሙሉ ክብደቱን እወቁ

ክብደት ስል ባዶውን እንጨት ማለቴ አይደለም። ሞተሩ፣ ማርሚታው፣ ሰርቮዎቹ (የክንፉንና የጭራውን መሪዎች የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች)፣ ሪሲቨሩ (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው)፣ ባትሪው፣ ጎማው፣ ሁሉም ተገጥሞ ማለቴ ነው። የነዳጅ ታንኩ ብቻ ባዶ ይሁን። ሞተሩን ገና ካልገዛችሁ ገምቱ። 46 ቁጥር ከነማርሚታው ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

የኛ ምሳሌ 2.5 ኪሎ ይመዝናል እንበል። 2,500 ግራምን ለ44.8 ስናካፍል 56 ይመጣል። እያንዳንዱ ካሬ ዴሲሜትር ክንፍ 56 ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ሞዴል ለሚያበር ሰው ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ቁጥር የለም ባይ ነኝ። ለዚህ መጠን አውሮፕላን ከ45 እስከ 60 ከሆነ ለጀማሪ የሚመች፣ በዝግታ የሚያርፍ ነው። ከ60 እስከ 75 ከሆነ ፈጠን ያለ ነው፤ እጁ የለመደ ሰው ይፈልጋል። ከ80 ካለፈ ሲያርፍም ፈጥኖ ነው፣ ሲዞርም ካልተጠነቀቁለት ይወድቃል። ትልቅ ሞተር ይህንን አያስተካክልም። እንዲያውም ክብደት ይጨምርበታል።

ደረጃ 3፦ ለምን እንደምታበሩት ወስኑ

ለመማር ነው? ለመገለባበጥ ነው? ወይስ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቁማችሁ በፕሮፔለሩ ብቻ አየር ላይ ልትሰቅሉት ነው? የሞተሩ ግፊት ከአውሮፕላኑ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ለመለማመጃ 60 በመቶ ከሆነ በቂ ነው። ለአክሮባት ከክብደቱ ጋር እኩል ይሁን። አየር ላይ ለመስቀል ደግሞ ከክብደቱ አንድ ተኩል ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው።

ጀማሪ ከሆናችሁ «ለማንኛውም ትልቁን ልያዝ» አትበሉ። ትልቅ ሞተር አፍንጫውን ያከብደዋል። ሚዛኑን ለመመለስ ጭራው ላይ እርሳስ ትለጥፋላችሁ። አሁን ሁለት ጊዜ ክብደት ጨመራችሁ። ክብደቱ የማረፊያ ፍጥነቱን ይጨምራል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ፍጥነቱ ነው። ለዝግታ የተሠራ አውሮፕላን በሙሉ ጋዝ ቁልቁል ሲለቀቅ ክንፉ ላይ ያሉት መሪዎች መርገብገብ ይጀምራሉ። መርገብገቡ አንዴ ከጀመረ ማጠፊያውን ነቅሎ ለመጣል ሰከንዶች ይበቁታል።

ደረጃ 4፦ የባሕር ወለሉን ቁጥር ያዙ

ሣጥኑ ላይ የተጻፈ ቁጥር ካለ እሱን ያዙ። ከሌለ፣ ወይም አውሮፕላኑን ራሳችሁ ከሠራችሁት፣ ለቱ ስትሮክ (በየዙሩ ለሚያቃጥል) የሜታኖል ሞተር እኔ የምጠቀምበት ግምት ይህ ነው፤ የፕሮፔለሩ ቁጥሮች ምን እንደሚሉ ደረጃ 6 ላይ ታገኛላችሁ፦

15 ቁጥር፦ ከ1 እስከ 1.3 ኪሎ፣ ክንፉ ከ100 እስከ 115 ሳንቲሜትር፣ ፕሮፔለር 8 በ 4።
25 ቁጥር፦ ከ1.5 እስከ 1.9 ኪሎ፣ ከ120 እስከ 135 ሳንቲሜትር፣ ፕሮፔለር 9 በ 5።
ከ40 እስከ 46፦ ከ2.2 እስከ 2.9 ኪሎ፣ ከ145 እስከ 165 ሳንቲሜትር፣ ፕሮፔለር 10 በ 6 ወይም 11 በ 6።
60 ቁጥር፦ ከ3 እስከ 4 ኪሎ፣ ከ165 እስከ 185 ሳንቲሜትር፣ ፕሮፔለር 12 በ 6።
120 ቁጥር ወይም 20 ሲሲ ቤንዚን፦ ከ5 እስከ 6.5 ኪሎ፣ ከ180 እስከ 205 ሳንቲሜትር፣ ፕሮፔለር 16 በ 8 አካባቢ።

የኛ 2.5 ኪሎ መለማመጃ ያለ ጥርጥር ከ40 እስከ 46 ውስጥ ይገባል።

ፎር ስትሮክ የምትወዱ ካላችሁ ቁጥሩን ከፍ አድርጉ። ፎር ስትሮክ በሁለት ዙር አንዴ ብቻ ነው የሚያቃጥለው። የ46 ቱ ስትሮክ ሥራ ለመሥራት 70 ቁጥር ፎር ስትሮክ ያስፈልጋል። ለ60 ደግሞ 90 ቁጥር። በምትኩ ትልቅ ፕሮፔለር በዝግታ ያዞራል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ድምፁም ደስ ይላል። ዋጋው ግን ይወደዳል፤ ለመጀመሪያ አውሮፕላን አልመክረውም።

ደረጃ 5፦ ቁጥሩን ለሜዳችሁ ከፍታ አስተካክሉ

የሣጥኑ ቁጥር የማይነግራችሁ እዚህ ጋ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ እንደሚቀዳ፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ እንደሚገባ በዚያ መስመር የተጓዘ ያውቃል። ዋናው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ሙሉ ነዳጅ ከሙሉ ጭነት ጋር ይዘው ለመነሳት ይቸገራሉ። ያ ትልቅ አውሮፕላን የሚገጥመው ችግር የናንተንም ትንሽ አውሮፕላን ይገጥመዋል።

አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ሞተር ደግሞ የሚያቃጥለው የሚስበውን አየር ያህል ነው። ለግምት የሚመች ሕግ አለ። በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ጉልበት ይቀንሳል በሉ። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር 12 በመቶ ይቀንሳል። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር 18 በመቶ። አዲስ አበባ 23 በመቶ ገደማ። ኮሎራዶ ዴንቨር ያላችሁ ወገኖችም 1,600 ሜትር ላይ ናችሁ፤ 16 በመቶ ያዙ።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። አዲስ አበባ ላይ የሚቀረው 77 በመቶ ነው። 46ን በ0.77 አባዙ፦ 35 ይሆናል። ማለትም 46 ቁጥር ገዝታችሁ የ35ቱን ጉልበት ነው የምታገኙት። ሣጥኑ ከ40 አይነስ ብሎ ነበር። ወደ ኋላ ደግሞ አስሉት። 40ን ለ0.77 ስታካፍሉ 52፣ 46ን ስታካፍሉ 60 ይመጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሣጥኑ «ከ40 እስከ 46» ያለው አውሮፕላን በእውነት የሚፈልገው ከ52 እስከ 60 ነው።

እዚህ ላይ 55 ቁጥር ሁነኛ መልስ ነው። ኦኤስ የተባለው የጃፓን ሞተር አምራች በ46ቱ አካል ልክ 55 ቁጥር ሠርቷል። የብሎን ቀዳዳዎቹ ከ46ቱ ጋር ይገጥማሉ፣ ክብደቱም ብዙ አይጨምርም። 60 ቁጥር ግን አካሉ ትልቅ ነው፤ ከ100 ግራም በላይ አፍንጫው ላይ ይጭናል። ለዚህ አውሮፕላን ወደ 60 አትሂዱ።

«46 አለኝ፣ ልጣለው?» ለሚል ሰው መልሴ አይደለም ነው። አውሮፕላኑ ቀላል ከሆነና ከአስፋልት ወይም ከተደለደለ መሬት የሚነሳ ከሆነ 46 ያበረዋል። ችግሩ ሣር ላይ ነው። ጎማው ሣሩ ሲይዘው ሞተሩ ይታገላል፣ አውሮፕላኑ የመነሻ ፍጥነቱን ሳያገኝ ሜዳው ያልቃል።

ከፍታው ክንፉንም ይነካዋል። ስስ አየር ውስጥ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 13 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት። የኛ መለማመጃ ባሕር ወለል ላይ በሰዓት 30 ኪሎሜትር አካባቢ ሲደርስ አየር መያዝ ያቆማል እንበል፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ 34 ይሆናል። ስለዚህ ደጋ ላይ ትልቁ ምክር ሞተር መጨመር ሳይሆን ክብደት መቀነስ ነው። ከባድ ባትሪ፣ ከባድ ጎማ፣ ያለ ቅጥ የተቀባ ቀለም፣ ሁሉም ይቆጠራል። 200 ግራም ብትቀንሱ ለማንሳትም ለማሳረፍም ይቀላችኋል።

የባሕረ ሰላጤው ወገኖች ከፍታ የለባችሁም፤ ሙቀት ግን አለባችሁ። ሙቅ አየርም ስስ ነው። ከሰዓት በኋላ 45 ዲግሪ ሲሆን አየሩ 1,000 ሜትር ላይ እንዳለ አየር ይሆናል። 10 በመቶ ቀንሱ፣ ወይም በማለዳ አብሩ።

ደረጃ 6፦ ፕሮፔለሩን ምረጡ

ሞተሩ ጉልበቱን የሚሰጠው በፕሮፔለሩ በኩል ነው። ያልሆነ ፕሮፔለር የተገጠመለት 55 በትክክለኛ ፕሮፔለር በሚሠራ 46 ይበለጣል። 11 በ 6 ማለት ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ኢንች ነው፤ በአንድ ዙር ደግሞ ሳይንሸራተት ቢሄድ 6 ኢንች ወደ ፊት ይጓዛል። የመጀመሪያው ቁጥር ሲያድግ የመጎተት ኃይል ይጨምራል። ሁለተኛው ሲያድግ ፍጥነት ይጨምራል።

46 ቁጥር 11 በ 6 ይዞ በደቂቃ 12,000 ጊዜ ቢዞር፣ 6 ኢንች 15.24 ሳንቲሜትር ነውና በሰዓት 110 ኪሎሜትር ያህል ይመጣል። ይህ ቁጥር ክንፉ መሸከም ከሚያቆምበት ፍጥነት ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። 30 እና 110፣ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ ይበቃል። እንዲያውም መለማመጃ ስለሆነ 11 በ 5 ቢደረግ አይጎዳም። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ መጎተቱ ግን ይሻላል።

ደጋ ላይ ሰዎች ፕሮፔለር ማሳነስ ይቀናቸዋል፤ ሞተሩ ስለደከመ ይቅለለው በሚል። ስስ አየር ግን ፕሮፔለሩን ራሱ ያቀልለዋል። ሞተሩም አየሩም አብረው ስለሚቀንሱ ዙሩ ከባሕር ወለሉ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በሞተሩ መመሪያ የተጻፈውን መጠን ጀምሩበት። ለ46 11 በ 6፣ ለ55 12 በ 6። ፕሮፔለሩ ከመሬት ቢያንስ 3 ሳንቲሜትር መራቁን አውሮፕላኑን አግድም አድርጋችሁ እዩ። ያ ካልሆነ ወይ ጎማ ቀይሩ ወይ ፕሮፔለሩን በአንድ ኢንች ቀንሱ።

ካርቡረተሩም ማስተካከያ ይፈልጋል። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ ይበዛበታል፤ አየሩ አንሶ ነዳጁ እንዳለ ነውና። ጭሱ ይወፍራል፣ ድምፁ ይተፋፈናል። የነዳጅ መርፌውን በአንድ በአንድ ጠቅታ ዝጉ። ልኩን ለማወቅ በሙሉ ጋዝ ላይ እያለ የነዳጁን ቱቦ በሁለት ጣት ለአፍታ ጨመቅ አድርጋችሁ ልቀቁ። ዙሩ ትንሽ ከፍ ካለ ነዳጁ በመጠኑ በዝቶለታል፤ ጥሩ ነው። ወዲያው ከወረደ ነዳጅ አንሶታል። መርፌውን መልሳችሁ ክፈቱ፤ አለዚያ ፒስተኑ ይቃጠላል። ይህንን ስትሠሩ ከፕሮፔለሩ ኋላ ቁሙ። በጎኑ ትይዩ ማንም እንዳይቆም።

ደረጃ 7፦ ኤሌክትሪክንም አስቡበት

አዲስ አበባ ላለ ጀማሪ እኔ የምመክረው ኤሌክትሪክ ነው። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው ነዳጁ ነው። የሜታኖል ሞተር ነዳጅ ከ5 እስከ 15 በመቶ ናይትሮሜቴን፣ ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ዘይት (የጉሎ ዘይት ወይም ሰው ሠራሽ) ያለበት ድብልቅ ነው። ተቀጣጣይ ስለሆነ በመንገደኛ አውሮፕላን ይዞ መምጣት አይቻልም። ሊፖ ባትሪ (ሞዴል አውሮፕላን ላይ የሚገጠመው የሊቲየም ባትሪ) ግን ከ100 ዋት ሰዓት በታች ከሆነ በእጅ ሻንጣ ይያዛል። ባለ 4 ሴል 4,000 ሚሊአምፒር ባትሪ 59 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። መሰኪያውን በቴፕ ሸፍኑት፤ ወደሚጫነው ሻንጣ አታስገቡት።

ሁለተኛው ምክንያት ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አለመተንፈሱ ነው። ከፍታ ጉልበቱን አይነጥቀውም።

በኤሌክትሪክ የሞተር መጠን በዋት ይመረጣል። በኪሎ ከ150 እስከ 220 ዋት ለመለማመጃ፣ ከ220 እስከ 300 ለአክሮባት፣ ከ350 በላይ አየር ላይ ለመስቀል። የኛ 2.5 ኪሎ መለማመጃ በኪሎ 200 ዋት ብንሰጠው 500 ዋት ይፈልጋል። ባለ 4 ሴል ባትሪ ጭነት ላይ ሲሆን 14 ቮልት አካባቢ ይሰጣል። 500ን ለ14 ስናካፍል 36 አምፒር ይመጣል። ስለዚህ ኢኤስሲ የሚባለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ 60 አምፒር ይሁን፤ ልክ 36 ብቻ የሚችል አትግዙ። ሞተሩ ደግሞ ያለ ጭንቀት 700 ዋት የሚችል፣ ኬቪው 800 አካባቢ የሆነ ይሁን። ኬቪ ማለት ያለ ጭነት በአንድ ቮልት ስንት ዙር እንደሚዞር ነው። እንዲህ ያለ ሞተር 12 በ 6 ፕሮፔለር ይዞ ባሕር ወለል ላይ ወደ 500 ዋት ይጠጋል።

አዲስ አበባ ላይ ያው ሞተር በያው ፕሮፔለር ከ400 ዋት ብዙም አያልፍም። ሞተሩ ደክሞ አይደለም፤ ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ስላነሰ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። 13 በ 6 ግጠሙለት። ጉልበቱ ይመለሳል። በግምት ግን አትግጠሙ። የዋት መለኪያ በባትሪውና በኢኤስሲው መካከል ታስገቡና ሙሉ ጋዝ ለ5 ሰከንድ ትሰጣላችሁ። ንባቡ ኢኤስሲው ከሚችለው አምፒር 80 በመቶ በታች ከሆነ ደህና ናችሁ። ያንኑ አውሮፕላን ይዛችሁ ዝቅተኛ ቦታ ስትሄዱ ደግሞ ወደ 12 መመለስ አትርሱ። አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ላይ በ13ቱ ብታበሩ አምፒሩ ይወጣል፣ ሙቀቱም አለ።

በ4,000 ሚሊአምፒር ባትሪ፣ በአማካይ 20 አምፒር እየተጠቀማችሁ፣ ከባትሪው 20 በመቶውን አስቀርታችሁ 9 ደቂቃ ያህል ታበራላችሁ። ሰዓት መቁጠሪያውን 7 ላይ ሙሉት።

ከመግዛታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ በሪሞት የሚበሩ ነገሮችን ማስገባትና ማብረር ቁጥጥር አለበት፤ ዕቃው ጉምሩክ ደርሶ ከሚያዝ አስቀድሞ ማጣራት ይሻላል። አሜሪካ ያላችሁ ከ250 ግራም በላይ ለሆነ አውሮፕላን ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ዘንድ መመዝገብ አለባችሁ፤ ትረስት የሚባለውን ነፃ ፈተናም ትወስዳላችሁ።

ደረጃ 8፦ በሻንጣ ሚዛን አረጋግጡ

ውጭ ዘመድ ያለው ቤት ሁሉ ያቺ በእጅ የምትንጠለጠል ዲጂታል የሻንጣ ሚዛን አለች። አምጧት። ገመድ ጭራው ሥር ካለ ጠንካራ ቦታ እሰሩ። ሌላውን ጫፍ ሚዛኗ ላይ አንጠልጥሉ። ሚዛኗን መሬት ላይ በተተከለ ችካል እሰሩ። አውሮፕላኑ ለስላሳ መሬት ላይ ይቁም፤ ገመዱ ቀጥ ይበል። አንድ ሰው ክንፉን ከኋላ በኩል ይደግፍ። ሙሉ ጋዝ ስትሰጡ ገመዱ ይወጠራል፣ ቁጥሩ ይዘልና ይረጋል። የረጋውን አንብቡ።

2.5 ኪሎ ለሚመዝን መለማመጃ 1.5 ኪሎ ካነበበ በቂ ነው። ሜዳችሁ ሣር ከሆነ 2 ኪሎ ፈልጉ። ከ1.5 በታች ከሆነ ሌላ ሞተር ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ፕሮፔለር ቀይራችሁ ለኩ። ቀጥሎ መርፌውን እዩ። የሜታኖል ሞተር ከሆነ ካንዴላውን ፍቱና ተመልከቱት። ሽቦው ከተጣመመ ወይም ከጠቆረ ቀይሩት። አዲስ ሞተር ከሆነ ደግሞ ሮዳጁን ጨርሱለት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ታንኮች ነዳጅ በዝቶለት፣ ሙሉ ጋዝ ሳይቆይበት ይሥራ። ሮዳጅ ያልጨረሰ ሞተር ጉልበቱን አያሳይም።

ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላም ካልደረሰ፣ ያኔ የሚቀጥለውን ቁጥር ግዙ።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው በረራ ይፍረድ

ከመነሳታችሁ በፊት ሚዛኑን እዩ። በሁለት ጣት ከክንፉ ሥር፣ ከፊት ጠርዝ ከስፋቱ ሲሶ ባልበለጠ ቦታ ይዛችሁ አንሱት። ለ28 ሳንቲሜትር ክንፍ ከ7 እስከ 9 ሳንቲሜትር መካከል ማለት ነው። አፍንጫው ትንሽ ዘንበል ካለ ጥሩ ነው። ጭራው ከወረደ አታብሩት። አዲስ ሞተር ስትገጥሙ ይህ ሚዛን መለወጡ አይቀርም፤ ባትሪውን ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት በማንሸራተት አስተካክሉ። እርሳስ የመጨረሻው አማራጭ ነው።

ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ተነሱ። ደጋ ላይ መነሻው ይረዝማል፤ አውሮፕላኑን ቶሎ አትጎትቱት፣ ፍጥነት ይያዝ። ከፍታ ከያዘ በኋላ ጋዙን ወደ ግማሽ ቀንሱና ቀጥ አድርጋችሁ አብሩት። በግማሽ ጋዝ ከፍታውን ሳይለቅ ከሄደ ሞተሩ ለአውሮፕላኑ ልክ ነው። ከፍታውን ለመጠበቅ ሦስት አራተኛ ጋዝ ካስፈለገው ጉልበት ያንሰዋል። ደረጃ 6 ላይ ወደ ፕሮፔለሩ ተመለሱ። ሩብ ጋዝ ላይም ሽቅብ ሽቅብ የሚል ከሆነ ጉልበቱ ተርፏል፤ 11 በ 6 የነበረውን 11 በ 5 አድርጉትና በሚቀጥለው በረራ ደግማችሁ እዩት።